ከስፌት በኋላ የሚጻፈው ማዘዣ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ



የምናገረው አንዲት ሴት በኦፕሬሽን ከወለደች ወይም ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ከታከመ በኋላ ስለሚታዘዙላት መድኃኒቶች ነው። አካባቢው ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ያለው ምድር ነው፤ ጋላባት፣ ዶካ፣ ገዳሪፍ፣ ወደ ሰሜን ከፍ ሲል ከሰላ። የእኛ ሰው ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርደው ወደዚያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተከዜን ተሻግሮ የተጠለለው በሐምዳይት፣ በኡም ራኩባና በቱነይድባ ነው። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ያንኑ አገልግሎት ሰጥቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ፣ የሱዳኗ ዋድ መዳኒ ከተማ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ስትወድቅ የተረፈው ሕዝብ ገዳሪፍን አጥለቀለቃት። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በአንዱ አገር ተቀድደው በሌላው አገር ቁስላቸው የታየላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ገዳሪፍ ላይ የሚጻፍ ማዘዣ የገዳሪፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እስቲ አንዱን ማዘዣ ጠጋ ብለን እንየው። የማንም ሴት የግል ወረቀት አይደለም፤ በአካባቢያችን ሆስፒታሎች የተለመደውን ዓይነት ለዛሬ ምሽት ያዘጋጀሁት ነው። ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በደም ሥር በየ12 ሰዓቱ ለሁለት ቀን። ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ ለሁለት ቀን። ስትወጣ ሴፊክሲም 400 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለሰባት ቀን፣ ሜትሮኒዳዞል ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን። ዲክሎፌናክ 75 ሚሊ ግራም መርፌ። ትራማዶል “ሲያማት”። ኦሜፕራዞል፣ ምክንያቱ ያልተጻፈ። እዚህ ያበቃል። እናቲቱ ትኩሳት አልነበራትም፤ ምጧ አልረዘመም፤ ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የደም ማነስ ግን ነበረባት፤ የብረት ኪኒን የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ የለም።

እንዲህ ያለ ማዘዣ በክፋት አይጻፍም። የሚጽፈው ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ነው፤ እናቲቱ ቁስሏ አመርቅዞ እንዳትመለስበት ይፈራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። በኦፕሬሽን የወለደች ሴት በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሏ በተፈጥሮ መንገድ ከወለደችው ከ5 እስከ 20 እጥፍ እንደሚደርስ ሲነገር ኖሯል። በአህጉራችን 22 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት በኦፕሬሽን ከወለዱ 1000 እናቶች አምስት ያህሉ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ይህ በበለጸጉት አገሮች ከሚታየው 50 እጥፍ ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሐኪም እጁ ወደ መድኃኒት ቢፈጥን አልፈርድበትም።

ነገር ግን ፍርሃቱ የሚፈልገው መልስ ከማዘዣው ላይ የለም። መልሱ ያለው ከምላጩ በፊት ነው። ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙልኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ባክቴሪያ ወደ ቁስሉ የሚገባው ቆዳውና ማህፀኑ ክፍት ሆነው ባሉበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ በዚያች ሰዓት በሥጋው ውስጥ ተሰራጭቶ ከጠበቀ ጥቂቶቹን ባክቴሪያዎች ሳይባዙ ያጠፋቸዋል። ማታ ዋርድ ውስጥ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ ከተዘጋ በኋላ ቢመጣ ግን ሥራው አልፎበታል። በ95 ጥናቶች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተው የኮክሬን ተቋም ግምገማ በኦፕሬሽን ወቅት የሚሰጥ መከላከያ አንቲባዮቲክ የቁስል መመርቀዝንና የማህፀን ኢንፌክሽንን ከ60 እስከ 70 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ድሮ መርፌው የሚሰጠው እትብቱ ከታሰረ በኋላ ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ በመስጋት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከመቅደድ በፊት ሲሰጥ እናቲቱ ይበልጥ እንደምትጠበቅ፣ ሕፃኑም ላይ ጉዳት እንዳልታየ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ምክሩን በዚሁ አጸና፦ አንድ ዶዝ፣ ከመቅደዱ በፊት፣ ሴፋዞሊን ወይም አምፒሲሊን። እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መከላከያውን መቀጠል አያስፈልግም ይላል። ሴፋዞሊን ከደም የሚወጣው ቶሎ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ከአራት ሰዓት ከበለጠ ወይም ደሟ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ከፈሰሰ ሁለተኛ ዶዝ ይደገማል። ከዚህ ውጭ ሰባት ቀን የሚባል ነገር የለም።

“ይህ የአውሮፓ ሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ እኛ ውሃ የለንም፣ ዋርዳችን ይጣበባል፣ እናቲቱ የምትመለሰው ወደ ጎጆ ነው” የሚል ተቃውሞ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ከአክብሮት ጋር ልመልስ። መልሱ ከአገራችን ስለሆነ ሩቅ አንሄድም። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ የመሠረቱት፣ ከአካባቢያችን ገጠሮች ጭምር ለቀናት አምጠው ፊኛቸው የተቀደደ ሴቶችን ሲያክም ኖሯል። ከእነዚህ የከፋ ሁኔታ ላይ ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ሽንት እየፈሰሰባቸው የሚመጡ ታካሚዎች የት አሉ? የሆስፒታሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከጥገናው በፊት አንድ ዶዝ ጄንታማይሲን የተሰጣቸውን ለብዙ ቀን አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ጋር አነጻጸሩ። የቀናቱ መርዘም ብልጫ አላስገኘም። የእኛ ሐኪሞች፣ የእኛ ሴቶች፣ የእኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል። ይህን ጥናት የሕክምና ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ስለ ውሃው ግን ተቃዋሚው እውነት አለው። ገዳሪፍ የውሃ ችግር የኖረባት ከተማ ናት፤ በጦርነቱ ዘመን ኮሌራ በተደጋጋሚ ተነስቶባታል። ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የወሊድ ክፍል እጅ መታጠብን ሲያስገድድ የእናቶች ሞት በወራት ውስጥ ነው የወደቀው፤ ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። በርካሽ የሚሠሩ ነገሮች አሉ፦ ከመቅደድ በፊት ብልትን በፖቪዶን አዮዲን ማጠብ፣ ቆዳውን በአልኮል ላይ በተመሠረተ ክሎርሄክሲዲን መጥረግ፣ ጸጉሩን አለመላጨት። ለሰባት ቀን ሴፊክሲም የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ላይ ቢውል ስንት እናት ትጠበቃለች! ንጽሕና የጎደለው ዋርድ ውስጥ አንቲባዮቲክ ማራዘም ቆሻሻውን አያጸዳውም፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙትን ባክቴሪያዎች መርጦ ያሳድጋል እንጂ።

እዚህ ላይ ሴፍትሪያክሶንን በስሙ ልጥራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል ሴፋዞሊንን፣ አሞክሲሲሊንንና ሜትሮኒዳዞልን በመጀመሪያው፣ እንደ ልብ ሊገኙ በሚገባቸው ምድብ አኖራቸው። ሴፍትሪያክሶንና ሴፊክሲም ያሉት በጥንቃቄ ሊጠበቁ በሚገባቸው ምድብ ነው። ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከካርቱምም የወጡ ጥናቶች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ ሴፍትሪያክሶን ለቀዶ ሕክምና መከላከያ ከልክ በላይ ይታዘዛል፣ ከሚገባው ቀንም በላይ ይረዝማል። ሐኪሞቻችን ስለ ሴፋዞሊን ስለማያውቁ አይደለም። ብዙ ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ ሴፋዞሊን የለም፤ ሴፍትሪያክሶን ግን በካርቶን ተደርድሯል። ሐኪም የሚያዝዘው ያለውን ነው። ስለዚህ ማዘዣውን ማረም የሚጀምረው ከግዢ ክፍሉ ነው፤ የሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ የዓመቱን ዝርዝር ሲያወጣ ሴፋዞሊንን ካልጻፈ ወጣቱን ሐኪም መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ነገሩ የሩቅ ስጋትም አይደለም። በመድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በቀጥታ የገደሉት ሕዝብ 1.27 ሚሊዮን እንደሆነ ተሰልቷል፤ ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ሸክሙ የከበደው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ሰባት ቀን የታዘዘላት አራስ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሲሻላት የቀረውን ኪኒን በጨርቅ ትቋጥራለች። ጎረቤት ሲታመም ታካፍላለች። ይህን ያላየ ፋርማሲስት በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። ያልኩት ሁሉ ስለ መከላከያ ነው። ከቋራ በረሃ ወይም ከዶካ ገጠር ሁለት ቀን አምጣ፣ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ቆይቶ፣ በትኩሳት የደረሰች እናት ኢንፌክሽኑ ጀምሯታል። እርሷ መታከም አለባት፤ ከወሊድ በፊት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣው የማህፀን ኢንፌክሽን ክሊንዳማይሲንና ጄንታማይሲን ናቸው የሚመከሩት። ማህፀኗ ተተርትሮ የመጣችም እንዲሁ። ድንበር ላይ ያሉ ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉትን እናቶች ከከተማው ሆስፒታሎች የበለጠ ይቀበላሉ፤ ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማየት የለመደውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ልዩነቱን ካርዱ ላይ መጻፍ ይቻላል፦ “መከላከያ” ወይም “ሕክምና”። አንዲት ቃል ነች። “መከላከያ” ከተባለ መድኃኒቱ በዚያው ይቆማል፣ “ሕክምና” ከተባለ የመጨረሻው ቀን ይጻፋል።

በሌሎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ማህፀን ሲወጣ አንድ ዶዝ ይበቃል። የእንግዴ ልጅ በእጅ ሲወጣ አንድ ዶዝ። ፊንጢጣ ድረስ የደረሰ መተርተር አንቲባዮቲክ ይገባዋል፤ ለተለመደው የመውለጃ ቅድ ግን በልማድ መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛት እስከ መስፋት የሚደርስ በመሆኑ በወሊድ ጊዜ የሚደረገው መክፈትና መጠገን ብዙ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ኪኒን በጅምላ መጻፍ ሴቶቹን ከመጀመሪያው በደል አያድናቸውም።

አሁን ወደ ሕመሙ ልለፍ። ይህ ክፍል ልቤን ይነካኛል። በአገራችንም በሱዳንም ሴት ልጅ ምጥን እንድትችል ተደርጋ ነው የምታድገው። ሆዷ ተቀድዶ ተሰፍቶ እንኳ “እንደምን አደርሽ?” ስትባል “እግዚአብሔር ይመስገን” ወይም “አልሐምዱሊላህ” ትላለች፤ ነርሷም ሕመም የለም ብላ ታልፋለች። “ሲያማት” ተብሎ የተጻፈ ማስታገሻ ስለዚህ ነው የማይሰጠው። የሚሻለው በሰዓት የሚሰጥ ነው፦ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ጠየቀችም አልጠየቀችም። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይስማማሉ። ኩላሊቷ የተጎዳ ወይም ደሟ ገና ያልቆመ እናት ከሆነች አይቡፕሮፌኑም ዲክሎፌናኩም ይቅሩባት። የዲክሎፌናክ መርፌ ግን መዋጥ የምትችልን ሴት መቀመጫ ቀን ከሌት የሚወጋበት ምክንያት አይታየኝም። ሰው መርፌን ከኪኒን ይልቅ ያምናል፤ እኛ ደግሞ እምነቱን እናጠናክርለታለን። ትራማዶልና ኮዴይንን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። አንዳንድ ሴቶች በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን ፈጥነው ወደ ጠንካራው መልክ ይለውጡታል፤ በወተት ያለፈው ሕፃኑን ከልክ በላይ ሊያስተኛው፣ ትንፋሹንም ሊያሳንስ ይችላል። ከባድ ሕመም ካለ ሆስፒታል ውስጥ እያለች፣ በክትትል ሥር፣ በትንሽ መጠን ሞርፊን መስጠት ይሻላል። ትራማዶል ቤት ይዛ እንድትሄድ መስጠት፣ ኪኒኑ ለሱስ በሚሸጥበት ድንበር ላይ፣ ለእርሷም ለቤተሰቧም አደጋ ነው።

ማዘዣው የረሳው ደም ነው። ገዳሪፍና መተማ ወባ የበዛባቸው፣ ካላ አዛር የተባለው በሽታ የሚገኝባቸው ቆላዎች ናቸው፤ ነፍሰ ጡሮች ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገቡት ደማቸው አንሶ ነው። ሱዳናዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ኢስሐቅ አደምና ባልደረቦቻቸው ከገዳሪፍ፣ ከከሰላና ከኒው ሐልፋ ሆስፒታሎች በደም ማነስና በእርግዝና ወባ ላይ ለዓመታት የጻፏቸው ጥናቶች ይህንኑ ሲያሳዩ ኖረዋል። በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ከሌላዋ የበለጠ ደም ታጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ በተስፋፋባቸው ቦታዎች ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ብረት እንዲሰጥ ይመክራል። ኪኒኑ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ የሚረሳውም እርሱ ነው። ሲሰጥ ደግሞ አብሮ የሚነገር አለ፦ ከሻይና ከቡና ጋር አይወሰድም። ገዳሪፍ ከምግብ በኋላ ሻይ፣ መተማ ቡና በሚጠጣበት ቤት ይህ ካልተነገራት ኪኒኑ ሆዷን አልፎ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ወይም ዘግይታ ትውሰደው።

ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ማዘዣው ላይ አይታይም፤ የሚሰጠው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ግን ሚያዝያ ላይ ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር የማቀዝቀዣው ሙቀት ይጨምራል፤ ከዚያ አንድ የኦክሲቶሲን መርፌ ያልሠራላት እናት ሁለት፣ ሦስት ትወጋለች። ሙቀት የሚችለው ካርቤቶሲን እ.ኤ.አ. በ2018 በ10 አገሮች ተሞክሮ ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ታይቷል። ለቆላ ሆስፒታል ይህን ማስገባት የቅንጦት አይመስለኝም። ደም መፍሰሱ ከጀመረ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጥቅሙ ይጠፋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ድንበሩ ነው። የሱዳን መድኃኒት ፋብሪካዎችና ማዕከላዊ መጋዘኖች አብዛኞቹ ካርቱም ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ገዳሪፍ የምትጠብቀው ምንጭ ደረቀ። መተማ ያለችው ፋርማሲስት የምትቀበለው ወረቀት የንግድ ስም የተጻፈበት፣ አወሳሰዱ በዓረብኛ የሆነ ነው። ታካሚዋ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ታነባለች፤ ወይም ጨርሶ አታነብም። በእኛ ወገን ካምፕ ውስጥ ያለች ሱዳናዊት ደግሞ አማርኛ የተጻፈበት ከረጢት ይሰጣታል። ሁሉን የሚያግባባው የመድኃኒቱ ዓለም አቀፍ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የማዘዣ መለኪያም ከታዘዙት መድኃኒቶች ስንቱ በዚሁ ስም እንደተጻፉ ይቆጥራል። ያ መለኪያ ለተመላላሽ ታካሚ የተሠራ ስለሆነ ሌሎቹን ቁጥሮቹን ለቀዶ ሕክምና እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ የስሙ ግን ያለ ማመንታት ይሠራል።

ለሚሻገሩ እናቶች በሁለቱም ወገን ያሉ አዋላጆችና ፋርማሲስቶች በአንድ ገጽ ሊስማሙ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ገጹ በዓረብኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተም። የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ቀን ይጻፍበት፤ ማህፀኗ የተቀደደው በአግድም ይሁን በቁም፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ወሊዷ በዚህ ይወሰናል። የተሰጣት አንቲባዮቲክ ስምና ሰዓት፣ መከላከያ ይሁን ሕክምና፤ ከሆስፒታል ስትወጣ የነበራት የደም መጠን፤ የምትወስደው ማስታገሻ በሰዓት፤ ብረቱ እስከ መቼ። ከታች ደግሞ ለእርሷና ለአማቷ፣ ለእናቷ፣ ገንፎውን ለምታገነፋላት ሁሉ በሥዕል የሚታዩ ምልክቶች ይሁኑበት፦ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ልብስ የሚያርስ ደም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር። ከእነዚህ አንዱን ያየች አራስ ጋላባትም ትሁን መተማ፣ ሌላ ኪኒን ፍለጋ መድኃኒት ቤት ሳትሄድ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በቀጥታ ትምጣ። የተቀበላትም ባለሙያ ገጹን ከእጇ ወስዶ ያንብብ፣ ያየውን ጽፎበት ይመልስላት፤ ወረቀቱ የእርሷ ነው፣ በካርድ ክፍል መቅረት የለበትም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ሴፋዞሊን ለማስገዛት ኮሚቴያችሁ ፊት የምትቆሙ፣ ከመድረኩ አልወርድም፤ ቀጥሉ።